ቤታችን ላይ ሊየን ሲመጣ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 ማኅበሩ ሲቋቋም ዋናው ጭንቀታችን የአፓርትመንት ኪራይ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን እዚሁ ሜሪላንድ የቤት ባለቤቶች ሆነናል። ስለዚህ የገዛነውን ስለ መጠበቅ እንነጋገር።

ምድር ቤቱን አሠርተን ለተቋራጩ እንከፍላለን። እሱ ግን ለቧንቧ ሠራተኛው ወይም ዕቃ ላቀረበው ነጋዴ ሳይከፍል ይቀራል። ያልተከፈለው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ቤታችንን ለገንዘቡ መያዣ እንዲያደርግለት ይጠይቃል። ሊየን የሚባለው ይህ ነው። ሊየኑ ሳይነሣ ቤቱን መሸጥም ሆነ ሪፋይናንስ ማድረግ ያስቸግራል፤ ከባሰም ቤቱ እንዲሸጥ ሊታዘዝ ይችላል።

ሆኖም መደንገጥ አይገባም። የሜሪላንድ ሕግ ለጠያቂውም ገደብ አበጅቷል። እድሳቱ የሕንፃውን ዋጋ 15 በመቶ ካልደረሰ በሕንፃው ላይ ይህ ሊየን አይያዝም። ከእኛ ጋር በቀጥታ ያልተዋዋለ ሠራተኛ ሥራውን ከጨረሰ በ120 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊያስታውቀን፣ በ180 ቀን ውስጥ ደግሞ ለሰርኪት ፍርድ ቤት ሊያመለክት ይገባል። ማስታወቂያው ሲደርሰን ለተቋራጩ ያልከፈልነው ቀሪ ካለ፣ ከዚያ ላይ ለሠራተኛው የሚገባውን ይዘን ማቆየት እንችላለን።

የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ከደረሰን በኋላ ግን ተራው የእኛ ነው። በ15 ቀን ውስጥ በመሐላ የተደገፈ መልስ ካላቀረብን፣ ጠያቂው በመሐላ የዘረዘረውን ፍሬ ነገር እንዳመንን ይቆጠራል። "እኔ ከፍያለሁ" ብሎ ፖስታውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ቤት ያስወስዳል።

ጠበቃ ዘንድ ስንሄድ ተዘጋጅተን እንሂድ። ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው፤ የተደበላለቀ ወረቀት ሲያገላብጡ የሚያልፈውም ሰዓት ከኪሳችን ይወጣል። ውሉን፣ ቼኮቹንና ደረሰኞቹን፣ ደብዳቤዎቹን ከነፖስታቸው፣ ፎቶግራፎቹን እንያዝ። ሥራው መቼ እንደተጀመረና እንዳለቀ፣ ለማን ስንት እንደተከፈለ በአንድ ገጽ በቀን ተራ እንጻፍ። ወጋችን ሆኖ ታሪክ ከሥሩ መጀመር እንወዳለን፤ ጠበቃው የሚፈልገው ግን ቀን፣ ስምና የገንዘብ ልክ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አባል ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድን ይጠይቅ። እንግሊዝኛው ለሚከብደንም ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፈቃድ ያለውን ተቋራጭ እንምረጥ። ስንዋዋል ከዋጋው ሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችን በፊትም ሠራተኞቹና ዕቃ አቅራቢዎቹ ሒሳባቸውን መቀበላቸውን በፊርማቸው ያረጋግጡልን። እኛ ታክሲ ነጂዎች ደረሰኝ መስጠት እንጂ መቀበል አልለመድንምና፣ ከዛሬ ጀምሮ እንልመድ።