የመራጩ ዋስትና ከመመሪያ ወደ አዋጅ



ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ ቆጠራው ገና ሳያልቅ፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስታወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ መብት በአንድ ምሽት መግለጫ ታገደ።

ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አለን። ይሁንና የምዝገባው፣ የድምፅ አሰጣጡና የቆጠራው ብዙ ዝርዝር ያለው በምርጫ ቦርድ መመሪያዎች ውስጥ ነው። መመሪያን ያወጣው አካል ራሱ ይለውጠዋል፤ አዋጅ ግን ያለ ምክር ቤት አይለወጥም። መንገዱም አዲስ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. የተወሰኑ ፓርቲዎች የተፈራረሙበት የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ አዋጅ ቁጥር 662 ሆኖ ጸድቋል።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. የምዝገባና የቆጠራ ዋና ዋና ዋስትናዎች በአዋጅ እንዲሰፍሩ፣
2. ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት 6 ወራት እንዳይለወጡ፣
3. በምርጫ ሰሞን ሰልፍ በመግለጫ ብቻ እንዳይከለከል የሚያደርግ ረቂቅ ለምክር ቤቱ እናቀርባለን።

ሰኞ ገበያ እህል የሚሸጥ ሰው በሚዛን መሀል ድንጋዩን አይለውጥም። ይህ ሕግ ነገ ሥልጣን ብንይዝ እኛንም ያስራል። እንዲያስረንም እንፈልጋለን።

ካርዳችሁን ያዙ፤ ድምፃችሁን ስጡ፤ ቆጠራውንም በንቃት ተከታተሉ!