ለእጃችን ልክ የሆነ ጓንት

ወገኖች፣ ከጎንደር ተነስተን በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሞተር ብስክሌት ስንወጣ ብርዱ ጣታችንን ያደነዝዘዋል። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን ቶሎ አይዝም። ብንወድቅም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ መሬት የሚነካው እጃችን ነው። እንግዲህ የቆዳ ጓንት እናጥልቅ።

ግን ልካችንን እንምረጥ። ሰፊው ስንወድቅ ይወልቃል፤ ጠባቡ ደም ያግዳል። ከመግዛታችን በፊት አጥልቀነው ፍሬን እንደምንይዝ ጣታችንን እንጠፍ። ከጣታችን ጫፍ ብዙ ቆዳ ከተረፈ ይቅርብን። መዳፉ ድርብ፣ ስፌቱ ጠንካራ፣ አንጓው ላይም ማሰሪያ ያለው ይሁን።

ምራን የሚያስር ገበሬ የቆዳን ጠባይ ያውቃል። ሲሠራበት ይለጠጣልና አዲሱ ጥቂት ጠበቅ ቢል አይክፋን። እሳት ዳር ከደረቀ ግን ይኮማተራል፤ ዝናብ ሲያርሰው በጥላ እናድርቀው።

ጓንት ቢቀደድ ይተካል፤ እርፍ የሚጨብጥ እጅ ግን አይተካም።