ምጣዱን እንጋራ፣ ቆጣሪውን አንጋራ
(በሆመቾ ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ወረዳችን በግቤ ስም ይጠራል። የግልገል ግቤ ውኃ በመጀመሪያው ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ካዞረ በኋላ ሥራው አያበቃም፤ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ሁለተኛ ጣቢያ ይደርሳል። አንድ ውኃ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ይህ ቁጠባ ግን እቤታችን ሲደርስ ይቀራል።

በየመንደሩ ጎረቤቶች ከአንድ ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ መብራት ይቀጥላሉ። እኛም ቀደም ሲል ይህን እንደ በጎ ሥራ ቆጥረን አበረታትተናል፤ ተሳስተን ነበር። የመብራት ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዝቅተኛው ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር፣ አንዲት አምፖል ብቻ የምታበራ መበለት በባለ ምጣዱ ዋጋ ትከፍላለች። ሁለት ምጣድ በአንድ ሽቦ ሲሠራ ደግሞ ከረንቱ እጥፍ፣ የሽቦው ሙቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሣር ክዳን ባለበት መንደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ምጣዱን መጋራት ግን ሌላ ነው። ምጣድ እስኪግል የሚበላው ኃይል አንድም እንጀራ አያወጣም። ሦስት እናቶች በአንድ ቀን በተራ ቢጋግሩ ምጣዱ የሚግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። (እንጀራው ይቅደም ወይስ ቆጮው የሚለውን ለእነርሱ እንተወዋለን።) የባለ ምጣዷ ሂሳብ ስለሚጨምር የቆጣሪው ንባብ በየተራው በደብተር ይጻፍ፤ ክፍያውም በዚያው ይታሰብ።

ባዮጋዝም እንዲሁ ነው። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ከጀመረባቸው አራት ክልሎች አንዱ የያኔው ደቡብ ነበር። ይሁንና አንድ ማብላያ የአራት ከብት ያህል እበት ይፈልጋል፤ ሁለት ላም ያለው ቤት ብቻውን አይችለውም። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች ግን ይችላሉ። ጋዝ በረጅም ቧንቧ ግፊቱ ይደክማልና ከዚያ አይራቅ። «እበቱ የእንሰቱ ነው» የሚሉ አርሶ አደሮች እውነታቸውን ነው፤ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ግን ማዳበሪያነቱን ይዞ ወደ እንሰቱ ይመለሳል። ስለዚህ ጋዙ ብቻ ሳይሆን ዝቃጩም ይከፈል።

አንደኛው ላሞቹን ቢሸጥስ? ጋዙ የማን ይሆናል? ይህን በውል ሳታስጽፉ ጉድጓድ እንዳታስቆፍሩ።