ስለ ቤት ትርፍና ስለ መኪና ጥገና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ንግግራችን በየደጃፋችሁ ስለ ቆመችው መኪና ጥቂት ቃል እንናገራለን። ካህን ስለ መኪና ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በብሥራተ ገብርኤል ሰፈር ባልና ሚስትን ለማስታረቅ በተጠራንባቸው ቤቶች የጠቡ መነሻ ከጋራዥ የመጣ የሒሳብ ወረቀት ሆኖ ያገኘነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለምና፥ ያገባናል።

አስቀድመን ስለ ትርፉ እንናገር። ብልኅ የቤት እመቤት አዲሱ እህል ገበያ በገባ ጊዜ፥ በጥርና በየካቲት፥ ጤፏን ትሸምታለች፤ ሽንኩርቱን ከእሑድ ገበያ ታመጣለች፤ እንጀራውን ከሱቅ እንደ መግዛት በቤቷ ትጋግራለች። እንዲህ እያደረገች ከየወሩ ያተረፈችውን ጥቂት ብር ዕቁብ ትጥላለች። ይህ ገንዘብ በላብ የተገኘ ነው፤ ባልዋ ከሚያመጣው ደመወዝ በክብር አያንስም።

አሁን ደግሞ መኪናዋን እንመልከት። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበረ፤ መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ሲያነሣ፥ በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፥ በዚህ ዋጋ በ25 ቀን ውስጥ ከ5,000 ብር በላይ ትጠጣለች ማለት ነው። ይህን ባለቤቱ ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ በማደያው ይከፍለዋልና። እንደማይታወቅ የሚቈጠረው ሌላው ነው፤ ይኸውም ጎማው፥ ባትሪው፥ የፍሬን ሸራው፥ ፍሪሲዮኑ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት በጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏልና፥ ብዙ ሰው ያረጀች መኪናውን እየጠገነ ይዟል። ያረጀ ነገር ደግሞ ይሰበራል።

ሰዎች ይህን ድንገተኛ ወጪ ይሉታል። እኛ ግን በዚህ ስም አንስማማም። ጎማ መንገድ ከነካበት ቀን ጀምሮ ማለቅ ይጀምራል። ሞት በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ሆኖም በሰፈራችን ዕድር የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ለቀብሩ በየወሩ የሚያዋጣ ሰው ለጎማው ምንም ሳያኖር መቅረቱ ያስደንቀናል።

በምሳሌ እንናገር። አንዲት እናት 60,000 ብር ዕቁብ ደረሳትና ለልጇ ትምህርት ቤት አስቀመጠችው እንበል። በዚያው ሳምንት የመኪናው ካምቢዮ ተበላሸ። ባል ሚስቱን ሳያማክር ገንዘቡን ወደ ጋራዥ ወሰደው። ሚስት የምታለቅሰው ስለ ብሩ ብቻ አይደለም፤ ስንት ወር ከአፏ እየቀነሰች ያኖረችው እንደ መንገድ ላይ ገንዘብ ስለ ተነሣባት ነው። ባልም ሌባ አይደለም፤ መኪናዋ ልጁንም የምታደርስ ናትና። ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣላሉ።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 12 የንጉሥ ኢዮአስ ታሪክ ተጽፏል። ንጉሡ የእግዚአብሔር ቤት የፈረሰው እንዲጠገን ገንዘቡን ለካህናቱ ፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ነገሠበት እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ አንዳች አልተጠገነም። ገንዘቡ ከዕለት ወጪ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል ብለን እንገምታለን። በዚህን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለ፤ በመሠዊያውም አጠገብ አኖረው፤ ለጥገና የሚሆነው ሁሉ ወደዚያ ገባ። እነሆ፥ ለካህናትም ቢሆን ልዩ ሣጥን አስፈልጓል።

እናንተም የባለፈውን ዓመት ወረቀቶች ሰብስቡ፤ የጎማውን፥ የዘይቱን፥ የሦስተኛ ወገን መድኑን፥ የቦሎውን፥ የጥገናውን ደምሩና ለ12 ክፈሉት። (ወራቱ 13 ናቸው የሚል ቢኖር፥ ጳጕሜን ደመወዝ እንደሌላት ያስታውስ።) የተገኘው ቊጥር በየወሩ ወደ ሣጥኑ የሚገባው ነው። ይህ ሳይነሣ ትርፍ አለን አትበሉ። ቊጥሩ ከአቅም በላይ ሆኖ ከተገኘም መኪናዋን መሸጥ ነውር አይደለም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ በብድር መንዳት ግን ነውር ነው።

የኢዮአስን ሣጥን በሚመለከት አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ገንዘቡ በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለት ሆነው መጥተው ይቈጥሩት ነበር። በቤታችሁም ባልና ሚስት አብራችሁ ቊጠሩት።

ከሣጥኑ የማይገባ ገንዘብም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ የቀረው ወጪ፥ አባቶቻችን እንዳስተማሩን፥ የድኾች ድርሻ ነው፤ ለካምቢዮ አይውልም።

የቤት ሠራተኛዪቱ ደመወዝም እንዲሁ ነው። መኪና በተሰበረ ጊዜ ጋራዡ አይታገሥም፤ መኪናዋን ይዟታልና። እንድትታገሥ የምትደረገው ሠራተኛዪቱ ናት፤ የሚመጣው ወር አብረን እንሰጥሻለን ትባላለች። እርስዋ ግን ያንን ብር ለእናቷ ወደ ገጠር ልትልክ ቀን ቈጥራለች። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፎልናል። ስለዚህ መጀመሪያ የእርስዋን ክፈሉ፤ መኪናዋም ገንዘቧ እስኪሞላ በጋራዡ ትቈይ። ከብሥራተ ገብርኤል በሳር ቤት በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚወስድ ታክሲ ጠዋትም ማታም አለ።