የአንድ ሸክላ 25ኛ ዓመትና የጠጋኙ እጅ



ድልድይ የሚጠግን መሐንዲስ የሥራው ልክ ይታወቅለታል፤ ጭነቱ በቁጥር ይሰላል፣ የመጀመሪያው ንድፍም ከመዝገብ ቤት ይወጣለታል። የሟችን ዘፈን የሚጠግን የድምፅ መሐንዲስ ግን ዋነኛው መለኪያው ጆሮው ነው። ባለቤቱን ጠርቶ «የፈለግኸው ይህንን ነበርን?» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም።

አሜሪካዊው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ኤሊየት ስሚዝ በራሱ ስም የሰየመውን ሁለተኛ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። አሳታሚው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በኦሊምፒያ ከተማ የተቋቋመው ኪል ሮክ ስታርስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነው። አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች የተቀዱት በታላቅ ስቱዲዮ ሳይሆን በወዳጆቹ መኖሪያ ቤት ነው። ስሚዝ በ1998 «ጉድ ዊል ሃንቲንግ» ለተባለው ፊልም ባበረከተው ዘፈን ለኦስካር ታጨ፤ በ2003 በ34 ዓመቱ ዐረፈ። አልበሙ 25 ዓመት ሲሞላው፣ በ2020፣ ኩባንያው እንደገና አሳተመው። የማስተሪንጉን ሥራ የያዘው ላሪ ክሬን፣ የሟቹ ወዳጅና የቅጂዎቹ ጠባቂ፣ በ1997 በፖርትላንድ ጃክፖት የተባለውን ስቱዲዮ ሲያቋቁም ስሚዝ አብሮት የደከመበት ሰው ነው።

የሥራው ችግር ከምን ይመነጫል? ስሚዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ፣ በሹክሹክታ ወሰን ላይ ይዘፍን ነበር። ብዙውን ጊዜም አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ዘፍኖ ሁለቱን ቅጂዎች ይደርባል። ሁለቱ ፍጹም ስለማይገጥሙ ከመካከላቸው የምትቀረው ጥቂት ልዩነት ለድምፁ ስፋት ትሰጠዋለች። እንግዲህ ቴፕ የራሱ የማያቋርጥ ሽሽታ አለው፤ ዘፋኙ ዝቅ ባለ ቁጥር ሽሽታው ጎልቶ ይሰማል። ሽሽታው የሚያይልበት ከፍተኛ የድምፅ ሞገድ ደግሞ «ሰ» እና «ሸ» የመሳሰሉት ፊደላትና የትንፋሽ ድምፅ የሚገኙበት ነው። ሁለቱ አንድ ሰፈር ስለሚኖሩ አንዱን ሲያባርሩ ሌላው አብሮ ይሰደዳል። ሽሽታውን ፈጽሞ የሚያጠፋ ሰው ዘፋኙን ትንፋሽ የሌለው ያደርገዋል።

ይህ ጥያቄ ለክሬን አዲስ አልነበረም። በ1994 የወጣው የስሚዝ የመጀመሪያ አልበም «ሮማን ካንድል» በአንድ ቤት ምድር ቤት፣ በባለ አራት ትራክ መቅጃ የተቀዳ ነው። በ2010 እንደገና ሲታተም ክሬን በጊታሩ ክር ላይ ጣት ሲንሸራተት የሚሰማውን ጩኸትና ጆሮ የሚወጋውን የ«ሰ» ድምፅ ቀነሰ። ምን እንደ ቀነሰና ለምን እንደ ቀነሰ በግልጽ አስታወቀ፤ የድምፁን ኃይልም እንደ ዘመኑ ሲዲዎች ከልክ በላይ አላሳደገም፤ ስሚዝ ራሱ የቀመመውንም ቅልቅል አልፈታም። ቢሆንም ያ የጣት ጩኸት ክፍሉ ምን ያህል ጠባብ፣ ዘፋኙም ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበረ የሚናገር ምስክር ነው። ምስክርን ዝም ማሰኘት፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ ከጥገና ወሰን አንድ እርምጃ ያልፋል። ክሬንን ከብዙዎች የሚለየው የእጁን ሥራ አለመሸሸጉ ነው፤ መዝገብ የሌለው ጥገና ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይህ ጉባኤ ያውቀዋል።

የ2020ው እትም አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ ስሚዝ በሴፕቴምበር 1994 በፖርትላንድ፣ አምብራ ፔናምብራ በተባለ ቡና ቤት፣ ብቻውን ሲጫወት በካሴት የተቀዳው ነው። የካሴት ቴፕ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የስቱዲዮ ቴፕ ግን 38 ወይም 76 ሴንቲ ሜትር ይሮጣል። ቴፑ በቀሰሰና በጠበበ መጠን የሚይዘው ድምፅ ይሳሳል። የማጫወቻው ራስ ዘንበል ያለበት ማዕዘንም ከቀጂው መሣሪያ ጋር ካልገጠመ ላይኛው ድምፅ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ የእንዲህ ያለ ካሴት ጥገና ከኮምፒዩተሩ በፊት የሚጀመረው በአንዲት ትንሽ ብሎን ነው። ከዚህ በኋላ ሊጨመር የሚችለው ጥቂት ነው፤ ካሴቱ ያልያዘውን ማንም አይመልሰውም። ጥራት የሚሻ ሰው አሥራ ሁለቱን ዘፈኖች ያድምጥ። በዚያ ካሴት ላይ የሚገኘው ገና በአገሩ እንኳ ያልታወቀ የ25 ዓመት ወጣት ጊታሩን ይዞ በአንድ ቡና ቤት ሲዘፍን ነው።