ወረርሽኝ ሲገባ ምን እናድርግ?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ወረርሽኝ ነው። ወረርሽኝ ማለት ባጭር ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው።

ወረርሽኝ ሲገባ፣ «አላህ ከጻፈው አይቀርም፤ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እምነት ይመስላል። የጥንቶቹ ሙስሊሞች ግን እንዲህ አላሉም። ታሪኩን ስሙ።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 639 ገደማ ነው። ኸሊፋው ዑመር ከመዲና ተነሥተው ወደ ሻም ይጓዙ ነበር። ሻም ማለት ዛሬ ሶርያና አካባቢዋ ነው። ሰርግ ከምትባል ቦታ ሲደርሱ፣ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰው ሰብስበው መከሩ። ገሚሱ እንግባ አለ። ገሚሱ እንመለስ አለ። ዑመር መመለስን መረጡ።

የሻም ጦር አዛዥ አቡ ዑበይዳ ግን ተቃወሙ። ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይደለም ወይ? ሲሉ ጠየቁ። ዑመር በምሳሌ መለሱላቸው። አንድ ሰው ግመሎቹን ይዞ ሸለቆ ወረደ እንበል። አንዱ ወገን ለምለም ነው፤ አንዱ ደረቅ ነው። በለምለሙ ቢያሰማራም በአላህ ውሳኔ ነው፤ በደረቁ ቢያሰማራም በአላህ ውሳኔ ነው። ታዲያ ደረቁን ለምን ይመርጣል?

ኋላ ዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ መጡ። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሩ። ወረርሽኝ ካለበት አገር አትግቡ፤ ባላችሁበት አገር ከተነሣም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚል ነው። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ወደ ሰዎቻቸው ሄዱ፤ በዚያው ወረርሽኝም ሞቱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አለመግባት ራስን ማዳን ነው። አለመውጣት ሌላውን ማዳን ነው። የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ጤነኛ የሚመስል ሰው በሽታውን ይዞ ሊሄድ ይችላልና።

በእኛም ዘመን ታይቷል። በኮቪድ ጊዜ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም.፣ ሐጅ የተፈቀደው በሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ ለነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሄድ ነበር። ስንቱ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ሰው ቤቱ ቀረ!

ስለዚህ ለሌላው ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው አይራብ። ውኃና እህል ደጁ ድረስ እናድርስለት። ይህ የጎረቤት ዕዳ ነው።

ለመወያየት፦
1. ዑመር ለምን ተመለሱ?
2. የጎረቤታችሁ ቤት ቢዘጋ ምን ታደርሱላቸዋላችሁ?

ያነበባችሁትን ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።