የአንጎል ኬላ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን የቆመው የሞተብንን ለመቅበርና ያዘነውን ለማስተዛዘን ነው። ይሁን እንጂ ሳይሞት ሊተርፍ የሚችለውን ሰው ማትረፍም የእድር ወግ ነው ብለን ስለምናምን፣ ዛሬ ስለ አንጎል ኬላ ጥቂት ቃል ልንናገር ተነስተናል። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስን ጡረተኛ ነን። ካነበብነውና ባለሙያ ጠይቀን ከተረዳነው ለወገን ይጠቅማል ያልነውን ብቻ እናቀርባለን።

እ.ኤ.አ. በ1885 ፓውል ኤርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በእንስሳ ደም ውስጥ ቀለም ቢጨምር፣ ሌላው አካል ሲቀልም አንጎል ግን ሳይቀልም ቀረ። በ1913 ደግሞ ኤድዊን ጎልድማን የተባለው ቀለሙን በደም ሳይሆን አንጎልን በከበበው ውሃ ውስጥ ቢያስገባው፣ አንጎል ቀለመና ሌላው አካል ዳነ። በደምና በአንጎል መካከል አጥር እንዳለ በዚህ ተረዱ። የአጥሩ ምንነት የታየው ግን በ1967 አሜሪካ ውስጥ፣ እጅግ በሚያጎላ መሣሪያ ነው። በሌላው አካላችን ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በግድግዳቸው መካከል ክፍተት አላቸው፤ የአንጎል የደም ሥሮች ሕዋሳት ግን ጠርዝ ለጠርዝ ተጣብቀው እንደ ተለሰነ ግንብ ናቸው።

ታዲያ ግንቡ እንዲህ ከተደፈነ አንጎል በምን ይኖራል? በር አለዋ! በሮቹም ፕሮቲኖች ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚያሳልፈውን ለይቶ ያውቃል። ለስኳር የራሱ አሻጋሪ አለው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳልና ይህ በር አይዘጋም። ለውሃ ደግሞ፣ የደም ሥሮቹን ዙሪያ በያዙት ደጋፊ ሕዋሳት ላይ ልዩ ቦይ አለ። እንዲህ ያለ የውሃ ቦይ በሰውነታችን መኖሩን ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከዚህም ሌላ ሾልኮ የገባውን ባዕድ ነገር መልሶ ወደ ደም የሚያስወጣ ዘበኛ አለ። አረቄና ቡና ግን በር ሳያንኳኩ ግንቡን ዘልቀው ይገባሉ፤ ሁለቱም ቶሎ ራስ ላይ የሚወጡት ለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል ትሉ ይሆናል። ሁለት ጥቅም አለው።

አንደኛው ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሲያንስ ይመጣል። ዶፓሚኑ ራሱ ቢዋጥ ኬላውን አያልፍም። ስለዚህ ሐኪሞች ሌቮዶፓ የሚባለውን ይሰጣሉ፤ እርሱ ከምግብ የሚገኘው የፕሮቲን ፍርፋሪ በሚያልፍበት በር ይገባና ውስጥ ሲደርስ ዶፓሚን ይሆናል። እንግዲህ ክኒኑን ከሥጋ ወይም ከእንቁላል ጋር የዋጠ ሰው በአንድ በር ላይ ሰልፍ አበዛ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ይዘገያል። የሚዋጥበትን ሰዓት ከሐኪም ጠይቆ መያዝ ይገባል።

ሁለተኛው የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ማጅራት ገትር። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ወረርሽኝ ከመካከላችን የሚያስታውሱ አሉ። ፔኒሲሊን በጤና ጊዜ ይህን ኬላ የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው። በሽታው አንጎልን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ሲያስቆጣ ኬላው ይላላል፤ መድኃኒቱም በብዛት በመርፌ ሲሰጥ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! በሽተኛው እየተሻለው ሲሄድ ቁጣው ይበርዳል፣ ኬላውም መልሶ ይጠብቃል። ስለዚህ በሽተኛው ዓይኑን ገልጦ ውሃ ስለጠየቀ «ድኗል፣ ቤቱ ይተኛ» ብሎ መርፌውን ማቋረጥ፣ በሩ እየጠበበ ባለበት ሰዓት የሚገባውን መድኃኒት ጨርሶ ማስቀረት ነው። ከውስጥ የተረፈው ተሐዋሲ እንደገና ይነሳል። ለጉሮሮ ተገዝቶ የተረፈ ክኒን መስጠትም እንዲሁ ነው፤ ጉሮሮን ያዳነ ክኒን ኬላውን በበቂ መጠን ላያልፍ ይችላል፣ ሰዓቱ ግን ያልፋል።

ምልክቱ ድንገተኛ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ አንገት አልታጠፍ ማለት፣ ብርሃን መሸሽና መቃዠት ነው። ሁሉም አንድ ላይ እስኪታይ አይጠበቅም። በሕፃናት ላይ አንገት ላይደርቅ ይችላል፤ ጡት እምቢ ማለትና የእርግብግቢት ማበጥ ከታየ አይናቅም። ይህ ሲሆን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ከደረሱም ሐኪሙ ያዘዘውን መርፌ እስከ መጨረሻው ማስፈጸም ነው።

ስለሆነም ለጉባዔው የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። በሠፈራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ማንም አይቀርም። እንግዲህ ለሬሳ የምንሮጠውን ያህል ለታመመው እንሩጥ። መኪና ያለው መኪናውን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ያውጣ፤ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ መርፌውን ሳያስጨርስ በሽተኛውን እንዳያስወጣ እድሩ ፈጥኖ ይድረስለት። ከቀብር ወጪ ይህ ያንሳል።